ሐሙስን ቅዳሜ ያልኩ ዕለት

ባለፈው ሳምንት ከከተማ ወደ ቤቴ ወደ አስኮት ቬል ስመለስ፣ ትራሙ ውስጥ ፊት ለፊቴ የተቀመጠች አንዲት ልጅ ጉልበቷን በጡንቻ ቅባት ማሸት ጀመረች። ያ ሽታ መጣብኝ። እንደ ቪክስ ይሰነፍጣል፣ ግን ከቪክስ ይብሳል፣ ዓይን ያስነባል። ጥቁር ታይት ለብሳለች፣ ጠጉሯን አናቷ ላይ ጥብቅ አድርጋ ጠቅልላዋለች። እናቷ ደግሞ አጠገቧ ሆና ፕላስቲክ ፋይል ጭኗ ላይ ዘርግታ ወረቀት ታገላብጣለች። ቀንና ሰዓት ነው የምታየው፤ እኔ ሳላይ አውቃለሁ። ሴትዮዋ ቀና ብላ ፈገግ አለችልኝና፣ ማንም ሳይጠይቃት፣ "ልጄ ዛሬ ኦዲሽን አላት" አለችኝ። ወይ ፈረንጅ፣ ቀኑን እንኳ አይደብቅም! "ጉድ ላክ" ብዬ ሁለት ፌርማታ ሲቀረኝ ወረድኩና የቀረውን በእግሬ አዘገምኩት። ስንት ዓመት አለፈው፤ ያ ሽታ ባለበት ግን ዛሬም መቀመጥ አልችልም።

እኔም አንድ ኅዳር እንደዚያች ሴትዮ ነበርኩ። ዓመቱን በቁጥር አትጠይቁኝ፤ ማኪያቶ ሦስት ዶላር ተኩል የነበረበት፣ ልጆቹ ስልክ ማውራት ትተው ስልክ ማሻሸት የጀመሩበት፣ የወንዶቹ ሱሪ እንደ ካልሲ እግራቸው ላይ የተጣበቀበት ዘመን ነው በሉት። የትራም መክፈያው የማይኪ ካርድ ገና አዲስ ነገር ስለነበር ትራም በር ላይ ቆመን "ነካ? አልነካም?" እየተባባልን እንተራመስ ነበር። በየኅዳሩ በኛ ሰፈር በኩል የፈረስ እሽቅድምድም አለ። ጠዋት ላባ የተሰካበት ባርኔጣ ደፍተው የሚሄዱት ወይዛዝርት፣ አመሻሽ ላይ ጫማቸውን በእጃቸው አንጠልጥለው በባዶ እግራቸው ይመለሳሉ። እኔና ልጄ መስኮት ላይ ሆነን እየሳቅን እናያቸዋለን። ልጄ ሳምራዊት ያኔ አሥራ ስምንት ዓመቷ ነው። አንድ ለናቷ ናት። አባቷ ከከተማው ዳር ክሬጊበርን አዲስ ቤት ገዝቶ አዲስ ትዳር ይዟል፤ እኛ በመንግሥት ኪራይ ቤቱ፣ በኮሚሽን ቤቱ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ሁለታችን እንኖራለን። እኔ አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ላውንደሪ እሠራለሁ፣ አንሶላ ሳጥፍ እውላለሁ። እሷ ትዘፍናለች። ሰሃን ስታጥብ ትዘፍናለች፣ ሻወር ውስጥ ትዘፍናለች፣ ስትቆጣ እንኳ በዜማ ነው የምትቆጣው። "ቴያትር ነው የምማረው" ስትለኝ እንደ ሌላው የሐበሻ እናት "ነርሲንግስ?" አላልኳትም። ለምን እንዳላልኩ ቆይቼ እነግራችኋለሁ።

እዚህ አገር ቴያትርና ሙዚቃ ለመማር የትምህርት ቤት ውጤት ብቻ አይበቃም፤ እያንዳንዱ ኮሌጅ ኦዲሽን ብሎ ራሱ ጠርቶ ይፈትናል። ሳምራዊት ለአራት ኮሌጅ አመለከተች። አራቱም የየራሳቸው ፎርም፣ የየራሳቸው ቀን፣ የየራሳቸው አምሮት ነበራቸው። አንዱ ሁለት ዘፈን ይላል፣ አንዱ ዳንስ ጨምሪ ይላል። ሁሉም የሚስማሙበት አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ራስሽ የፈጠርሽውን አጭር ታሪክ ብቻሽን ቆመሽ ተጫወቺልን ይላሉ። ልጄ ደግሞ እንኳን አራት ቀጠሮ፣ ሁለት ካልሲዋን ባንድ ላይ አግኝታ አታውቅም። ስለዚህ ቀጠሮውን ሁሉ እኔ ያዝኩት። ፎርሙ ስልክ ቁጥር ሲል የራሴን ጻፍኩ። ፉትስክሬይ ካለው የሐበሻ ሱቅ የተሰጠኝ፣ የኛም የፈረንጅም ቀን ያለበት ካላንደር ፍሪጁ ላይ ተሰቅሏል፤ እዚያ ላይ ቀኑን ሁሉ በታቦት ጻፍኩት። "ትዌንቲ ፈርስት" ብትሉኝ ነገ ይጠፋኛል፣ ሚካኤል ብትሉኝ ግን እስክሞት አልረሳውም።

ቁስቋም፣ ለቤታችን ለሚቀርበው። ሚካኤል፣ ከወንዙ ማዶ ላለው። ኪዳነ ምሕረት፣ በባቡር ለሚኬድበት ለገጠር ከተማው። አራተኛው ካርልተን ያለው ነው፤ ልቧ ያረፈው እሱ ላይ ነበር። እሱም ኪዳነ ምሕረት ዕለት ሆኖ አረፈው! እንዴት ተደርጎ ነው ሰው ባንድ ቀን ሁለት አገር የሚፈተነው? ስልክ ደወልኩ። ግማሽ ሰዓት ሙዚቃ ካስደመጡኝ በኋላ አንዲት ልጅ አነሳች፤ በዚችው እንግሊዝኛዬ ለመንኩ፣ ተለማመጥኩ፣ እሑድ ጽዮን ማርያም ዕለት አዛወረችልኝ። ጽዮንን ከቤተ ክርስቲያን የቀረሁት በዕድሜዬ የዚያን ዓመት ብቻ ነው። ሥራ ቦታ ደግሞ ማሪሴል የምትባል ፊሊፒናዊት ባልደረባ ነበረችኝ፤ ሺፍቴን እሷ ትሸፍንልኝና እኔ የእሷን የገናና የአዲስ ዓመት ሺፍት ልሠራላት ተዋዋልን። "ይህቺ ልጅ ታዋቂ ስትሆን ከፊት ወንበር ትኬት እፈልጋለሁ" ትለኝ ነበር።

ከማሪሴል በቀር ለሰው ትንፍሽ አላልኩም። ነገር ሳይሞላ አይወራም፣ ዓይን አለ። አንዷ የፎቃችን ሐበሻ በየሳምንቱ ለብሰን ስንወጣ እያየች "እትዬ አስካለ፣ በሰላም ነው?" ስትለኝ "ጥርስ ሐኪም ቤት ቀጠሮ አላት" እላለሁ። በሦስተኛው ላይ "ኧረ ለመሆኑ ልጅቷ አፏ ውስጥ ስንት ጥርስ ነው ያላት?" አለችኝ። ሳምራዊት ደረጃው ላይ በሳቅ ፈረሰች። እኔም ሳቅሁ። ግን ዓይን ብቻ አልነበረም የሚያስፈራኝ።

ጥቅምት ላይ፣ ቀኖቹ እንደታወቁ ሰሞን፣ ጠጉሯን እየሠራሁላት ሳለ "ለጓደኛዬ ቀኖቹን ሁሉ ነገርኳት፣ እሷም ታመለክታለች" አለችኝ። ማበጠሪያው ከእጄ ወደቀ። "ቀንሽን ለሰው ሰጠሽ?" ብዬ ጮህኩባት። እሷ እንደ ልማዷ በእንግሊዝኛ ነው የመለሰችልኝ፦ ቀን ብቻ እኮ ነው እማ፣ ምን ታደርገዋለች? ያኔ ነው አፌ ያመለጠኝ። ለንስሐ አባቴ ያልነገርኩትን፣ ከአባቷ ጋር ስንኖር ያልተነፈስኩትን ነገር፣ ጠጉሯን እንደያዝኩ ዘረገፍኩላት።

ሙሉ የምትባል ጓደኛ ነበረችኝ። ጉለሌ ነው፣ ሁለታችንም አሥራ ሰባት ዓመታችን። የትኛው መንግሥት ነበር አትበሉኝ፤ ሸራ ጫማ ስድስት ብር፣ ፓስቲ ዐሥር ሳንቲም የነበረ ጊዜ ነው። ወንዶቹ ጎፈሬያቸውን አጎፍረው ቦላሌ ሱሪያቸውን መንገድ ሲያስጠርጉ የሚውሉበት፣ እኛ ሽንሽን ቀሚሳችንን ፍራሽ ሥር አስተኝተን የምንተኩስበት ጊዜ። የቀበሌያችን አዳራሽ ጣራው ያፈስሳል፣ ከበሮው ሲቀደድ ጀሪካን እንመታለን፤ ግን የኪነት ቡድናችን ሲጫወት መንገደኛው ሁሉ መስኮት ላይ ይንጠለጠላል። የሚንጠለጠለው ለሙሉ ነበር። ትከሻዋ አጥንት የለውም ይሉ ነበር፤ እስክስታ ስትወርድ ባልቴቶች ሳይቀሩ ከመቀመጫቸው ይነሳሉ። የኔ ድምፅ ደህና ነበር። ደህና ብቻ። አንድ ጊዜ ትልቁ ቴያትር ቤት ወጣቶች ሊቀጥር ነው፣ ከየሰፈሩ አንዲት ሴት ነው የሚወስደው ተባለ፤ የፈተናው ቀን በሩ ላይ ይለጠፋል። ሙሉ እናቷ ታመውባት ከቤት መውጣት አልቻለችም። "አስኩ፣ ቀኑን አይተሽ ንገሪኝ" አለችኝ። በአውቶቡስ ዐሥራ አምስት ሳንቲም ከፍዬ ሄድኩ፣ አየሁት። ሐሙስ ይላል። መልሼ መልሼ አነበብኩት፣ ሐሙስ ነው። ተመልሼ ቤቷ ገባሁ፤ እናቷን እያገላበጠች ቀና ብላ "መቼ ነው?" አለችኝ። "ቅዳሜ" አልኳት።

ሐሙስ ብቻዬን ሰማያዊ ሹራቤን ለብሼ ሄድኩ፣ ዘፈንኩ፣ ወደቅሁ። አዪ ድካም! ኃጢአቱን ተሸከምኩ፣ ሥራውን ግን አላገኘሁም። ሙሉ ቅዳሜ የአክስቷን ጫማ ተውሳ ሄደች፤ ዘበኛው ፈተናው ከትናንት ወዲያ አለቀ ብሎ መለሳት። አመሻሽ ላይ እኛ ቤት መጥታ በሩ ላይ ቆመች። "ቀኑን ቀይረውት ኖሯል" አለችኝ። "አንቺም አመለጠሽ አይደል?" ብላ አቀፈችኝ። እኔም "አዎ" አልኳት። ብዙም ሳይቆይ እናቷ አረፉ፤ እሷም ክፍለ ሀገር ወዳለ ዘመድ ሄደች ተባለ። ከዚያ ወዲህ ዓይኗንም አላየሁ፣ ወሬዋንም አልሰማሁ።

"አየሽ፣ ቀን እንዲህ ይሰረቃል" አልኳት ለሳምራዊት። "ሌባዋ እኔ ስለሆንኩ ነው የማውቀው።" ልጄ ዞር ብላ የያዝኩትን እጄን ሳመችው። "ለማንም አልናገርም እማ" አለች። ያን ዕለት ሌሊቱን ሙሉ ሳልገላበጥ ተኛሁ። ሆድ ካገር ይሰፋል ይላሉ፤ የልጄም ሆድ እንዲያ የሰፋ መሰለኝ።

ከዚያ በኋላ ያለው ኅዳር ዛሬም ሳስበው ያምራል፣ የሚያናድደኝም ማማሩ ነው። በየኮሪደሩ ያ ቅባት ይሸታል፤ ልጆች ግድግዳ ላይ እግራቸውን ሰቅለው ይሳሳባሉ፣ አንዷ ታስመልሳለች፣ አንዱ ከራሱ ጋር ያወራል። እኔ በፎይል የጠቀለልኩትን ሳምቡሳና የተላጠ መንደሪን ይዤ እቀመጣለሁ። ጾም ከገባ ወዲህ ሳምቡሳው የምስር ነው። ስሟ ሲጠራ ሁልጊዜ "እማ፣ አንቺ ራቅ ብለሽ ቡና ጠጪ፣ በር ላይ ካለሽ እደነግጣለሁ" ትለኛለች። እውነት ነው ብዬ እሄዳለሁ። የገጠር ከተማው ዕለት ዝናብ እየዘነበብኝ ባቡር ጣቢያ ድረስ ሄጄ ተቀምጫለሁ፣ ልጄ እንዳትደነግጥ! ለመደንገጥ የታጨሁት እኔ መሆኔን ማን ነግሮኝ?

ጽዮን ማርያም ዕለት ካርልተን ውስጥ ሙቀቱ ከአናት በላይ ነበር። ከሰሜን የሚመጣው ነፋስ የምድጃ በር የተከፈተ ነው የሚመስለው። አሮጌ የጡብ አዳራሽ ነው፤ መስኮቶቹን ሁሉ ከፍተዋቸዋል። "ሂጂ ቡና ጠጪ" አለችኝ እንደ ልማዷ። በዚያ ፀሐይ የት ልሂድ? ግቢው ውስጥ ጥላ ያለው አንድ ዛፍ ሥር ብቻ ነበር፣ ከመስኮቱ ግርጌ። እዚያ ቁጭ አልኩ። መጀመሪያ ዘፈነች፤ ወይ ድምፅ፣ ዓይኔ እንባ ሞላ፣ ጽዮንን አመሰገንኩ። ዘፈኑ አለቀ። ከዚያ በእንግሊዝኛ "ስሜ ሙሉ ነው" አለች።

ሳሩን በሁለት እጄ ጨብጬ ቀረሁ። ጫማዬ የአክስቴ ነው አለች። ዛሬ ቅዳሜ ነው፣ ጓደኛዬ አስካለ ቀኑን አይታልኛለች አለች። አስካለ! ስሜን እንኳ አልቀየረችውም። እኔን አይደለም የምትጫወተው፣ ሙሉን ነው። ዘበኛውን ትለምናለች፤ የሆነ ቦታ ላይ ፈታኞቹ ሳቁ። ከዚያ ሙሉ ዘበኛውን "ሐሙስ ዕለት ከጉለሌ የመጣች ሴት ነበረች?" ብላ ጠየቀችው። "አዎ፣ አንዲት ቀጭን፣ ሰማያዊ ሹራብ የለበሰች" አላት። ከዚያ ሙሉ ወደ ቤቷ በእግሯ ትሄዳለች፣ ስትሄድም አንዲት ዐረፍተ ነገር ትለማመዳለች። "ቀኑን ቀይረውት ኖሯል" ትላለች። አንዴ እየሳቀች፣ አንዴ እየተናደደች፣ አንዴ ድምፅዋ እየተሰበረ ትሞክረዋለች። እውነት እስኪመስል ድረስ። ከዚያ በር አንኳኳች፣ አለቀ።

ያን ሁሉ ዓመት፣ ሙሉ ታውቅ ይሆን ብዬ አንድ ቀን እንኳ አስቤ አላውቅም ነበር። በር ላይ ቆማ ያቀፈችኝ እያወቀች ቢሆንስ? አስኩ እንዳታፍር ብላ ቢሆንስ? የአሥራ ስምንት ዓመት ልጅ፣ ጉለሌን በዓይኗ አይታ የማታውቅ፣ ይህንን ከየት አመጣችው? ግን ይህን ያሰብኩት በኋላ ነው። ዛፉ ሥር የነበርኩ ጊዜ ያሰብኩት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ አራት ኮሌጅ፣ አራት በር፣ በእያንዳንዱ በር ውስጥ ሦስት አራት ፈረንጅ፣ ሁሉም የኔን ገመና ሰምቷል። ወደየበሩ እጇን ይዤ የወሰድኳት እኔ ነኝ። ቀጠሮውን የያዝኩት እኔ ነኝ። ወርቅ ላበደረ ጠጠር!

ፊቷ እያበራ ወጣች፤ መስኮቱ ሥር ስታየኝ ብርሃኑ ጠፋ። "ሰማሽ?" አለችኝ። "ጡት ነካሽ" አልኳት። "እማ፣ ለነሱ እኮ ዝም ብሎ የሐበሻ ስም ነው፣ ማንነትሽን ማንም አያውቅም" አለች። "እኔ አውቃለሁ" አልኳት። ትራሙ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠን አንዳችን ሌላችንን ሳናይ ቤት ደረስን፤ ያ ቅባት ብቻ ይሸተኛል። ዛሬ ሲድኒ ነው ያለችው፣ መድረክ ላይ ናት፣ በየእሑዱ ትደውልልኛለች። ማሪሴልን የፊት ወንበር ላይ አስቀምጣታለች። ለኔም ትኬት ትልክልኛለች፤ አመመኝ እላለሁ፣ ሥራ አለብኝ እላለሁ። ልጄን እወዳታለሁ። የሆዴን ግን ከዚያ ወዲህ ነግሬያት አላውቅም።

ያኔ ግን፣ በማግስቱ ሰኞ፣ ከካርልተን ተደወለ። ለመጨረሻው ዙር አልፋለች፣ ቅዳሜ ተመልሳ ትምጣ አሉ። ስልኩን አቀበልኳት። እንደ ሕፃን ዘለለች፤ ልታቅፈኝ እጇን ዘርግታ ፊቴን ስታይ መለሰችው። ካላንደሩ ላይ ቅዳሜ የዋለውን መድኃኔ ዓለምን ራሷ ከበበችው፤ እኔ እስክሪብቶም አላነሳሁ። የቀሩት ሦስቱ አልተቀበሏትም፤ ያላት ይህ ብቻ ነበር።

ማክሰኞ ሥራ ላይ ሆኜ፣ አንሶላ እያጠፍኩ፣ ስልኬ ጮኸ። ያቺው የካርልተኗ ልጅ ናት። ይቅርታ፣ የቅዳሜው ተቀይሯል፣ ሐሙስ ከጠዋቱ በአራት ሰዓት ነው አለችኝ። ከቅዳሜ ወደ ሐሙስ! የትኛው መልአክ ነው እንዲህ የሚቀልደው? "ቴንኪው፣ እነግራታለሁ" አልኩ። አንሶላውን አጠፍኩ። ሌላ አንሶላ አነሳሁ። ማታ ቤት ገባሁ፣ ሽሮ ሠራሁ፣ በላን። ነገ እነግራታለሁ አልኩ። ትንሽ ትቃጠል፣ እኔ ተቃጥዬ የለ? ረቡዕ ራት ላይ ጎንበስ እንዳለች "እማ፣ የደወለልኝ ሰው አለ?" አለችኝ። "የለም" አልኳት። ቃሉ እንዴት ቀሎ እንደወጣ ብታዩ! እንደዚያኛው፣ እንደ "ቅዳሜ"ው፣ ልክ እንደዚያ ቀለለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ለሥራ ልወጣ ጫማዬን ማሰር ጀመርኩ። ማሰሪያው ሦስቴ ተፈታብኝ። የአክስቷን ጫማ ያደረገች አንዲት ልጅ ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ተነሳሁና የሳምራዊትን በር ደበደብኩ። "ሳምሪ፣ ተነሺ! ዛሬ ነው! በአራት ሰዓት፤ ማክሰኞ ደውለው ነበር፣ እኔ ነኝ ያልነገርኩሽ!"

በሩ ወዲያው ተከፈተ። ጥቁር ታይቷን ለብሳለች፣ ጠጉሯ አናቷ ላይ ተጠቅልሏል፣ ቦርሳዋ ትከሻዋ ላይ ነው። ያ ቅባት ሸተተኝ።

"አውቃለሁ እማ። ማክሰኞ ለኔም ኢሜይል ልከውልኛል።"

"ታዲያ ምነው ዝም አልሽ?"

"ትነግሪኝ እንደሆነ ብዬ ጠበቅሁሽ።"

እኔንም ፈትናኝ ኖሯል፣ ሁለት ቀን ሙሉ፣ ሽሮዬን እየበላች። "ባልነግርሽስ ኖሮ?" አልኳት።

ሁልጊዜ በእንግሊዝኛ የምትመልስልኝ ልጅ በአማርኛ መለሰችልኝ።

"ሄጄ እፈተን ነበር። ከዚያ ማታ መጥቼ ‘ቀኑን ቀይረውት ኖሯል’ እልሽ ነበር።"